የመኪና አደጋ ሪፖርት በፍሎሪዳ፦ ፖሊስ ለማን ይሰጣል?

ጎዳናው (ኦርላንዶ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ቀይ መብራት ይዞኝ በቆምኩበት ከኋላዬ የመጣ መኪና ገጨኝ። ፖሊስ የሁለታችንንም መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት አይቶ ከመዘገበ በኋላ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጥቶን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ስሜን፣ የመኪናዬን ዓይነት፣ ይባስ ብሎም የተገጨሁበትን መስቀለኛ መንገድ የሚያውቁ ሰዎች እየደወሉ «ነጻ ምርመራ እናድርግልዎ፣ ጠበቃም እናገናኝዎ» ይሉኝ ጀመር። ሪፖርቱ ለ60 ቀናት ምስጢር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከየት አገኙት? እኔስ ራሴ እስከዚያ ድረስ ልጠብቅ ነው?

የሕግ ረዳት (ታምፓ)፦
እርስዎ መጠበቅ የለብዎትም። የፍሎሪዳ ሕግ ቁጥር 316.066 የተጋጪዎችን ማንነት፣ ስልክና አድራሻ የያዘ ሪፖርት ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ60 ቀናት በምስጢር እንዲያዝ ቢያዝም፣ በአደጋው የነበሩ ሰዎች፣ ጠበቆቻቸው፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻቸው፣ ዐቃቤ ሕግና በሕጉ የተዘረዘሩ የዜና ማሰራጫዎች በዚያው ጊዜ ውስጥ እንዲያገኙት ይፈቅዳል። መታወቂያ አሳይተው፣ መረጃውን ተጎጂዎችን ለንግድ ለማግባባት እንደማይጠቀሙበት በመሐላ ይፈርማሉ። ቅጂው 10 ዶላር ሲሆን በድረ ገጽ ሲወጣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ፖሊሱ ምርመራውን ከጨረሰ በኋላ ሪፖርቱን ለማስገባት 10 ቀናት ስላለው፣ ዛሬ ፈልገው ቢያጡት አይደንግጡ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የመጀመሪያውን ጥያቄዎንም ይነካል። ስልኩ የተደወለው ሪፖርቱ ገና ሳይገባ ከሆነ ምንጩ ወረቀቱ ላይሆን ይችላል፤ መኪናዎን የጎተተው ቶው ትራክ፣ የገባበት ጋራዥ፣ ወይም የፖሊስ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚዘጋው የሪፖርቱን በር ብቻ ነው። መብት እንደሌለው እያወቀ ሪፖርቱን ያወጣ ሰው በሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ይጠየቃል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። መረጃውን ከየትም ያግኘው ከየት፣ በአደጋው በ60 ቀናት ውስጥ ተጎጂን በግል እየደወለ የካሳ ጉዳይ የሚያግባባም በኢንሹራንስ ማጭበርበር ሕጉ፣ በቁጥር 817.234፣ ይጠየቃል። ስለዚህ የደዋዮቹን ቁጥርና የላኩልዎትን መልእክት አያጥፉ፤ ምንም ነገርም አይፈርሙላቸው።

በዚህ ንዴት ሐኪም ቤት መሄድዎን ግን እንዳያዘገዩ። የራስዎ ኢንሹራንስ የሕክምና ወጪውን እንዲሸፍን በ14 ቀናት ውስጥ መታየት ግዴታ ነው።

ተመልካች፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ለሁሉም እኩል ይጨክናል ብሎ ማሰብ አይገባም። የፍሎሪዳ ጠበቆች ማኅበር ደንብ ጠበቃ በአደጋ ለተጎዳ ሰው እስከ 30 ቀናት ድረስ የማግባቢያ ደብዳቤ እንዳይልክ ይከለክላል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1995 ደንቡን 5 ለ 4 አጽድቆታል። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ፣ የገጪው ወገን ጠበቆችና መርማሪዎች ወዲያውኑ ሥራ በሚጀምሩበት ሰዓት ተጎጂው ስለ መብቱ የሚነግረው ሰው እንዳያገኝ መደረጉን ተቃውመዋል። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። የገጪው ኢንሹራንስ ሪፖርቱን በሕጋዊ መንገድ በእጁ ይዞ «ይህን ያህል እንክፈልዎና ይፈርሙ» ብሎ ሊደውል ይችላል፤ እንግሊዝኛው ለማይቀናውና የአገሩን አሠራር ገና ለሚለምድ ወገናችን ደግሞ ከክሊኒኩ ደላላ ይልቅ ይህ ስልክ የበለጠ ሊጎዳው ይችላል።

ጎዳናው (ኦርላንዶ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ደንግጬ ስለነበር ለፖሊሱ «ምናልባት እኔም ፍሬን በድንገት ይዤ ይሆናል» ብያለሁ። ይህ ሪፖርቱ ላይ ከተጻፈ ጉድ ሆንኩ ማለት ነው?

የሕግ ረዳት (ታምፓ)፦
ያው ቁጥር 316.066 ለዚህም መልስ አለው፤ አንድ ሰው ሪፖርቱ እንዲሞላ ሲባል ለፖሊስ የሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። በወንጀል ችሎት ግን ራስን ያለመወንጀል መብት እስካልተጣሰ ድረስ ፖሊሱ የሰማውን ሊመሰክር ይችላል፤ የትንፋሽና የደም ምርመራ ውጤትም በዚህ ጥበቃ ሥር አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ የካሳ ክርክር ብቻ ከሆነ ያቺ ዓረፍተ ነገር አትጎዳዎትም። ለኢንሹራንሱ ሠራተኛ በስልክ የሚሰጡት የተቀዳ ቃል ግን ይህ ጥበቃ የለውም፤ ለእርሱ ከመናገርዎ በፊት ሪፖርቱን አውጥተው ያንብቡ።