ለሐይቅ ሽርሽር የቱ ጎታች ጀልባ ይሻለናል?

ጠያቂ (ከደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከእህቴ ባል ጋር ተጋግዘን ሐይቅ ከተማ ባለው ሐይቅ ላይ የምንዝናናባት ጀልባ ልንገዛ ነው፤ ልጆቹን በከመነዳሪ ከኋላ የምትጎትት። ዱባይ ያለው ወንድሜ ሁለት ያገለገሉ አግኝቷል። አንደኛዋ እ.ኤ.አ. የ1996 ናት፣ ሞተሯ መሃል ላይ ነው፣ ዋጋዋም ቀለል ይላል። ሁለተኛዋ የ2006 ናት፣ ሞተሯ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው፤ ትንሹ 6፣ ትልቋ 14 ዓመቷ። እናቴም አብራን ትወጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። የቱን እንያዝ?

ሞተር ሠሪው (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ከሞተሩ ቦታ በፊት ሌላ ነገር ጠይቅ። ጀልባዎቹ ባሕር ላይ ነው የሠሩት? የብዙ ጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከስር በሚስበው ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ ሲመላለስበት የጭስ መውጫው ብረት ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፣ አንድ ቀን ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባና ሞተሩ አለቀ። ወንድምህ ካንዴላዎቹን አስፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) ያስለካ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ይተዋት። የ1996ቷን ደግሞ ወለሏን በተረከዙ ይርገጥ። ለስለስ ካለ ከስር ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ ከፍታውን አትርሱ። ሐይቅ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። አብሽር፣ መፍትሄ አለው። በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው) ይቀየርላታል። አብሮ እንዲመጣ አሁኑኑ እዘዙ፣ እዚህ አታገኙትም።

ሌላው የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ነው። ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ እናንተም ትቆማላችሁ፣ የሰውየውም እንጀራ ይቆረጣል። መረብ የት እንደተጣለ ጠዋት ጠይቃችሁ ውጡ። ከእስጢፋኖስ ገዳም ራቅ በሉ፤ የጸሎት ቦታ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ውጭ አገር እያለሁ ሁለቱንም ዓይነት ተሳፍሬያለሁ። ሞተሩ መሃል ያለው ለውሃ ላይ ስኪ ነው፤ ማዕበሉ ዝቅ ያለ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚንሸራተት አዋቂ የተሠራ። ከመነዳሪ ላይ ላለ ልጅ 20 ይበቃል። የሞተሩ ሳጥን ደግሞ ወለሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ እናትህ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እየተንጠላጠሉ ማለፋቸው ነው። ሁለተኛዋ ወለሏ ክፍት ነው፣ እሷን ያዙ።

የሁለቱም ፕሮፔለር ከሆዳቸው ስር ነው፤ ያም ሆኖ ልጅ ከውሃ ሲወጣ ሞተር ይጥፋ። ሞተር እየሠራ ማንም ከኋላ ደረጃው ላይ አይቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ ባይኖረውም ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። ከሹፌሩ ሌላ ወደ ኋላ ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ይኑር። ላይፍ ጃኬት በየልጁ ኪሎ ይገዛ፤ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ስታነሱት ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቷል።

ሹፌሩ (ደሴ)፦ እኔ ለአንደኛዋ እከራከራለሁ፤ ክብደቷ ቀላል ነው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻው ዳገት ነው። ከባዷ ጀልባ ከነተጎታቹ ከ2 ቶን ልታልፍ ትችላለች። መኪናህ ስንት እንደሚጎትት መጽሐፉ ላይ እይ። ተጎታቹም የራሱ ፍሬን ከሌለው ቁልቁለቱን አትሞክረው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወንድሜ ደውሎ ጠየቀ። የ2006ቷ ባሕር ላይ ነው የሠራችው፣ ግን ሞተሯ እንደ መኪና በራሱ ራዲያተር ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው አሉት። ቅዳሜ ካንዴላዋን ያስፈታል። ስለ ዳገቱ ግን ሹፌሩ እውነት አለው፣ የኛ መኪና አይችላትም። ሐይቅ ከተማ ዳር ጣሪያ ያለው ግቢ የሚያከራይ ሰው የሚያውቅ አለ? እዚያው ትደር።

የሐይቅ ልጅ፦ አለ። አጎቴን ልጠይቅልህ።