ቤዜ ሳልነካው ይጮሃል፤ ቶሎ ድረሱልኝ!

የኮዬው፦ ወገን፣ ከ12 ዓመት በኋላ ቤዝ ጊታሬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ኮዬ ፈጬ ቤቴ ውስጥ መቅዳት ጀምሬ ነበር። ዛሬ ግን ዝም ብዬ ስቀመጥ እንኳ «ምምምም» ይላል። የቤዙን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባው ሳውንድ ካርድ ተቃጥሏል። ነገ ጠዋት የትዝታ ትራክ ለዘፋኙ መላክ አለብኝ። በዚህ ሰዓት ክፍት የሆነ ሱቅ የምታውቁ?

ባለክራር፦ ክሩን አውልቀህ ቀቅለው። የ12 ዓመት እድፍ ነው።

ሰፈርተኛ፦ ቀይ ወጥ ነው አልጫ?

ጋሽ ኦክታቭ፦ ልጄ፣ በኛ ጊዜ ቤዝ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ከበሮውን መስማት ይማር ነበር። ትዝታ አምስት ድምፅ ናት፤ መሀል ላይ ዝም ካላልክላት ትሸሽሃለች። ዛሬ ሁሉም ጣቱን ያሯሩጣል።

የኮዬው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን የሚጮኸው እኔ ዝም ስል ነው እኮ!

ሽቦ አዋቂ፦ ተቃጥሏል ያለህ ማነው? ቢቃጠልማ ቤዙንስ መች ይቀዳልህ ነበር። የወፍራሙን ክር 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለችው 3ኛ ብረት) ላይ ይዘህ ምታ። እሷ ጂ የምትባለው ድምፅ ናት፣ 49 ኸርዝ፤ በሴኮንድ 49 ጊዜ ትርገበገባለች። የኛ መብራት ደግሞ 50 ነው። ጩኸቱ ከእሷ ወይም ከኦክታቯ (እጥፍ ከፍ ካለችው ጂ) ጋር ከተጠጋጋ ችግሩ ከመብራቱ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ሞክር። ክሩን በእጅህ ስትይዘውስ ይቀንሳል?

ባለክራር፦ ቀቅለው አልኩ።

የኮዬው፦ ቻርጀሩን ስነቅለው አብዛኛው ጠፋ!! ክሩን ስይዘው የቀረውም ይቀንሳል። ግን ባትሪዬ ከ40 ደቂቃ አያልፍም። ለካ ቻርጀሩ ከፍሪጁ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ነው፤ ሳልነግራችሁ።

የማታ ሥራ፦ የቻርጀሩን የኧርዝ እግር (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን) ቁረጠው። እኔ እንደዛ ነው የተገላገልኩት።

ሽቦ አዋቂ፦ እንዳትሞክረው! ኧርዝ ቆርጠህ የብረት ክር ታቅፈህ ልትቀመጥ? ፍሪጁን ለብቻው ሰካው፤ የመቅጃ ዕቃህን ሁሉ አንድ ሶኬት ላይ ሰብስብ። ካልጠፋ በባትሪ ቅዳ፤ 40 ደቂቃ ለአንድ ትራክ አያንስም። ቤዝህ ጃዝ ቤዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ማግኔቶች) ቮልዩም እኩል ክፈት፣ አንዱ የሌላውን ጩኸት ያጠፋል።

ሰፈርተኛ፦ ወይ መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ። እዛ ሰፈር ብዙ አያስጠብቅም።

ጋሽ ኦክታቭ፦ (ከሦስት ቀን በኋላ) ልጄ፣ ላክኸው?

ባለክራር፦ ቀቀልከው?