ፓክ-12ን ያፈረሰው ቴሌቪዥን ነው ወይስ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት፣ በተለይም የአሜሪካን ፉትቦል፣ በምዕራብ ጠረፍ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1915 ተመሥርቶ የምዕራቡን ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ ዓመት በላይ አሰባስቦ የኖረው፣ በመጨረሻ ፓክ-12 የተባለው ኮንፈረንስ (ኮንፈረንስ ማለት ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ማኅበር ነው) በአሥራ አራት ወራት ውስጥ ከአሥራ ሁለት አባላቱ አሥሩን አጣ። በሰኔ 2022 መጨረሻ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ቢግ ቴን ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ አስታወቁ። በሐምሌ 2023 ኮሎራዶ ወደ ቀድሞው ኮንፈረንሱ ወደ ቢግ 12 ተመለሰ፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ በአንድ ቀን ኦሪገንና ዋሺንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ወደ ቢግ 12 መሄዳቸው ተሰማ። በመስከረም መጀመሪያ ላይ ስታንፎርድና የበርክሌዩ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤሲሲን ተቀላቀሉ። ኤሲሲ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ ማለት ነው፤ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙት ግን በሌላው ውቅያኖስ ዳር ነው። ኦሪገን ስቴትና ዋሺንግተን ስቴት ብቻ ባዶ ቤት ውስጥ ቀሩ።

ሰው ሁሉ “ምክንያቱ ገንዘብ ነው” ይለኛል። ገንዘብ ግን ቀድሞም ነበረ፤ ቴሌቪዥንም ቀድሞ ነበረ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ነገሩ ለምን በዚያን ጊዜ እንደሆነና አንዱ ትምህርት ቤት ተፈላጊ ሆኖ ሌላው የቀረው በምን መለኪያ እንደሆነ ነው። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

1ኛ መልስ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚጀምረው ከ2022 ሳይሆን ከ1984 ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ የኮሌጅ ፉትቦልን የቴሌቪዥን መብት የሚቆጣጠረው የኮሌጆች ስፖርት ብሔራዊ ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ ነበር። ማኅበሩ ቴሌቪዥን ሰውን ከስታዲየም ያስቀራል ብሎ ስለሰጋ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚተላለፉትን ግጥሚያዎች በቁጥር ወስኖ ይዞ ነበር፤ በመጨረሻው ዕቅዱ አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን እንዲታይ አይፈቀድለትም ነበር። ክፍያውም ከተመልካች ብዛት ጋር አይያያዝም። በ1981 በአንድ ሳምንት ውስጥ ኦክላሆማና ዩኤስሲ የተጋጠሙበት ጨዋታ በሁለት መቶ ያህል ጣቢያዎች ሲተላለፍ፣ የሲታደልና የአፓላቺያን ስቴት ጨዋታ በአራት ጣቢያዎች ብቻ ተላለፈ፤ ለአራቱም ቡድኖች የተከፈለው ገንዘብ ግን እኩል ነበር። ይህ ምሳሌ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ማንም ሊያነበው ይችላል።

የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ የንግድ ፉክክርን የሚያፍን ነው ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በ1984 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ሲሆኑ፣ በተቃውሞ የጻፉት ደግሞ በወጣትነታቸው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ኮከብ የነበሩት ዳኛ ባይረን ዋይት ናቸው። ዋይት የማኅበሩን ዕቅድ የተመለከቱት እንደ ተራ ንግድ ሳይሆን ስፖርቱን ከትምህርቱ ጋር አስተሳስሮ እንደሚያቆይ ገመድ ነበር። በሕጉ ረገድ ብዙኃኑ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የዋይትን ጽሑፍ ዛሬ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው፣ ገመዱ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል አስቀድመው ማየታቸውን መካድ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናው ሻጭ ሆነ። ትልልቆቹ ለጥቂት ዓመታት በጋራ ማኅበር አማካይነት ሲሸጡ ቆዩና፣ የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ በ1990 ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋር ለብቻው ተዋዋለ፤ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ የሆነው ኤስኢሲም ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሄደ፤ የጋራው ማኅበርም በ1997 ተዘጋ። ኮንፈረንስ ሲፈርስ ማየትም በፓክ-12 አልተጀመረም። በ1914 የተመሠረተው ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ በ1996 ሲያከትም ቴክሳስ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ቤይለርና ቴክሳስ ቴክ ቢግ ኤይት ከተባለው ኮንፈረንስ ጋር ተቀላቅለው ቢግ 12ን ፈጠሩ፤ ሂዩስተን፣ ራይስ፣ ኤስኤምዩና ቲሲዩ ሜዳ ላይ ቀሩ።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ፤ የጥያቄዎ ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛልና። ቢግ ቴን በ2007 ከፎክስ ቴሌቪዥን ጋር የራሱን የኬብል ጣቢያ ሲከፍት የገቢው ምንጭ ተመልካቹ ሳይሆን ኬብል ያስገባው ቤተሰብ ነበር። ጣቢያው በመደበኛው ጥቅል ውስጥ ከገባ፣ ፉትቦል አይቶ የማያውቅ ቤተሰብም በየወሩ ይከፍልለታል። ኮንፈረንሱ በአንድ ግዛት ውስጥ አባል ካለው ደግሞ በዚያ ግዛት የሚጠየቀው ክፍያ ከፍ ይላል። በ2014 ሜሪላንድና ራትገርስ የተጨመሩት በሜዳ ውጤታቸው አልነበረም፤ አንዱ የባልቲሞርና የዋሺንግተንን፣ ሌላው የኒውዮርክን አካባቢ ቤቶች ይዞ ስለሚመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰዎች ኬብሉን እየቆረጡ ወደ ኢንተርኔት ስርጭት ሄዱ፤ የቤት ቁጥርም ዋጋው ወደቀ። ገዢዎቹ መክፈል የጀመሩት አራት ሚሊዮን ሰው ቅዳሜ ማታ ሥራውን ትቶ ለሚያየው ግጥሚያ ነው። በዚህ መለኪያ ዩኤስሲና ኦሪገን ተፈላጊ ሆኑ፤ ዋሺንግተን ስቴት በሜዳ ላይ የቱንም ያህል ቢታገል፣ የሚገኝባት ፑልማን ትንሽ ከተማ ናትና የሚፈልገው አልተገኘም።

2ኛ መልስ

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለገበያው ከሰጠነው የፓክ-12 መሪዎች ነፃ ይወጣሉ፤ ነፃ መውጣትም የለባቸውም። ኮንፈረንሱ ከስፖርት ጣቢያው ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ለ12 ዓመት በ3 ቢሊዮን ዶላር ሲዋዋል በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ውል ነበር። በ2012 የራሱን ጣቢያዎች ሲከፍት ግን እንደ ቢግ ቴን ከትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር መጋራትን ትቶ ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረጋቸው። ሐሳቡ ትርፉን ለብቻ ለመያዝ ነበር። ነገር ግን በስተጀርባው ተደራዳሪ ጉልበተኛ ስላልነበረው ዳይሬክቲቪ የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን አከፋፋይ ጣቢያዎቹን እስከ መጨረሻው ሳያስተላልፋቸው ቀረ፤ ደጋፊዎችም በገዛ ከተማቸው የገዛ ቡድናቸውን ማየት ተቸገሩ።

“ለምን በዚያን ጊዜ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ሰነድ ውስጥ ነው። የኮንፈረንስ አባላት የሜዳቸውን ግጥሚያዎች የማስተላለፍ መብት ለተወሰነ ዘመን ለኮንፈረንሱ አሳልፈው የሚሰጡበት ስምምነት አለ። ይህ ስምምነት በሥራ ላይ እያለ የወጣ ትምህርት ቤት ቡድኑን ይዞ መሄድ ይችላል፤ የቡድኑ ግጥሚያዎች የስርጭት መብት ግን በቀድሞው ቤት ይቀራል፤ ስለዚህ አዲሱ ኮንፈረንስ የሚገዛው ነገር የለውም። የፓክ-12 ስምምነት የሚያበቃው በ2024 በጋ ነበር፤ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤም የመውጫ ጊዜያቸውን የቀጠሩት ለዚያው በጋ ነው። በአንጻሩ ቴክሳስና ኦክላሆማ ከቢግ 12 ወደ ኤስኢሲ አንድ ዓመት ቀድመው ለመሄድ በድምሩ 100 ሚሊዮን ዶላር መተው ግድ ሆኖባቸዋል።

በዚህ መካከል ሌሎቹ ቀድመው ሸጡ። ኤስኢሲ በ2020 መጨረሻ ከኢኤስፒኤን ጋር ተስማማ። ቢግ ቴን በነሐሴ 2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል አሰረ፤ የቅዳሜን ቀትር፣ ከሰዓት በኋላና ምሽት ለሦስቱ አከፋፈላቸው። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ቢግ 12 ነው። ቴክሳስና ኦክላሆማ እንደሚወጡ ያወቀውና ሞተ የተባለው ይህ ኮንፈረንስ ውሉ ሳያልቅ ድርድሩን ከፍቶ፣ በጥቅምት 2022 ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ለእያንዳንዱ አባል በዓመት በአማካይ 31.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የስድስት ዓመት ውል ያዘ። ፓክ-12 ወደ ገበያው የደረሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው። በመጨረሻ በእጁ የቀረው የአፕል ኩባንያ የኢንተርኔት ስርጭት ሐሳብ ነበር፤ መነሻ ክፍያው ከቢግ 12 ያነሰ፣ ጭማሪው ደግሞ በደንበኞች ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ። ኦሪገንና ዋሺንግተን ያን ከመቀበል ይልቅ ለጥቂት ዓመታት ሙሉ ድርሻ ሳያገኙ ወደ ቢግ ቴን መግባትን መረጡ።

3ኛ መልስ

እኔ የምጽፈው እንደ ወላጅ ነው። ልጄ ከፓክ-12 ከወጡት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ መረብ ኳስ ትጫወታለች። በቀድሞው ኮንፈረንስ አባላቱ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጣመሩ ይመደቡ ስለነበር፣ ወደ ኦሪገን የሄደ ቡድን በአንድ ጉዞ ሁለቱንም የኦሪገን ትምህርት ቤቶች ገጥሞ ይመለስ ነበር። ዛሬ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒውጀርሲ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የሰዓት ልዩነቱ ሦስት ነው፤ ልጄም እሑድ ተጫውታ ሰኞ ማለዳ ክፍል ውስጥ መገኘት ይጠበቅባታል። ፈተናዋን አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ሆና ያጠናችበትን ሌሊት አልረሳውም።

የሚከነክነኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ፉትቦል የሚጫወተው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዓመትም አሥራ ሁለት ያህል መደበኛ ግጥሚያዎች ብቻ ነው፤ ከእነዚያም ግማሽ ያህሉ በሜዳው ናቸው። መረብ ኳስ፣ ሶፍትቦልና የሴቶች እግር ኳስ ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። ውሉ የተፈረመው ለፉትቦል ሲባል ነው፤ መንገዱን የሚሄዱት ግን በአብዛኛው ሌሎቹ ናቸው። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ይህን ያነሣ ሰው ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመብቱ ስምምነት ጉዳይ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ እንዲህ ከሆነ እስከ 2036 ታስሯል የሚባለው ኤሲሲ ደኅና ነው ማለት ነው? ደግሞስ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ እንደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ በአንድ ላይ እንዳይሸጡ የሚከለክላቸው ምንድን ነው?

4ኛ መልስ

ስለ ኤሲሲ፦ የመብቱ ስምምነት ገመድ አለ፤ ግን ላልቷል። ፍሎሪዳ ስቴት በታኅሣሥ 2023፣ ክሌምሰን ደግሞ በመጋቢት 2024 በፍርድ ቤት ተከራከሩት፤ በመጋቢት 2025 በስምምነት ሲጨርሱ ከስርጭቱ ገቢ ከፍ ያለው ክፍል በተመልካች ብዛት እንዲከፋፈል፣ የመውጫው ዋጋም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ እንዲሄድ ተወሰነ። ስለዚህ ቀኑን ሲያሰሉ 2036ን ብቻ አይመልከቱ። የቢግ ቴን ውል የሚያበቃው በ2030፣ የቢግ 12 በ2031 ስለሆነ፣ ቀጣዩ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ።

ስለ ሁለተኛው፦ ሕጉ ነው። ኮንግረስ በ1961 ያወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ የፉትቦል፣ የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስና የሆኪ ፕሮፌሽናል ሊጎች መብታቸውን በአንድ ላይ እንዲሸጡ ከፉክክር ሕጉ ነፃ አድርጓቸዋል። ኮሌጆቹ በዚያ ውስጥ የሉም፤ ያገኙት ሌላ ጥበቃ ነው፤ ፕሮፌሽናል ፉትቦል በመኸሩ የጨዋታ ወራት በኮሌጆች ቅዳሜ ላይ በቴሌቪዥን እንዳይገባባቸው ሕጉ ይከላከልላቸዋል። ነፃነቱ ለኮሌጆችም ይዘርጋ የሚል ሐሳብ በዋና ከተማዋ በዋሺንግተን ቀርቧል፤ ቢግ ቴንና ኤስኢሲ ግን አይፈልጉትም፤ ዛሬ ከሌላው በላይ የሚያገኙ እነርሱ ናቸውና። እኔ በበኩሌ በጋራ መሸጡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ ካልገቡበት ትርጉም አይኖረውም።

ገንዘቡ የበለጠ እንዲፈለግ ያደረገ ሌላም ነገር መጥቷል። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በሰኔ 2025 ባጸደቁት የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በ2025-26 የትምህርት ዘመን እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ማካፈል ይችላል። ሠራተኛው ዋጋውን ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህን ወጪ ለመሸፈን ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው በቴሌቪዥኑ ውል ላይ ነው። ቀርተው የነበሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሺንግተን ስቴትም የኮንፈረንሱን ስምና ንብረት በፍርድ ቤት አስከብረው፣ ከ2026 ጀምሮ ከቦይዚ ስቴት፣ ከሳንዲዬጎ ስቴት፣ ከፍሬዝኖ ስቴትና ከሌሎች ጋር ፓክ-12ን እንደገና ለማቆም ተስማምተዋል።

ለወላጁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፉትቦልን ከሌላው ስፖርት መለየት የሚቻል ነገር ነው። ኖትርዳም ፉትቦሉን በገለልተኝነት ይዞ ሌሎቹን ስፖርቶቹን በአብዛኛው ከ2013 ጀምሮ በኤሲሲ ውስጥ ይጫወታል፤ ኮኔቲከትም በ2020 ፉትቦሉን ለብቻው አድርጎ የቀረውን ወደ ቢግ ኢስት ኮንፈረንስ መልሷል። የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ይህን መንገድ ያልሄደበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሌሎች ወላጆችንም ያስተባብሩ። ቀጣዩ ውል ሲረቀቅ የጉዞው ነገር ከክፍያው ጎን እንዲጻፍ የሚጠይቅ ሰው መኖር ያለበት ከፊርማው በፊት ነው።