ያሳደገችኝ እህቴ ከሥራ ለሚወሰድ የአስታማሚነት ፈቃድ እንደ ወላጅ ትቆጠራለች?

ወገኖች፣ አሜሪካ ውስጥ ይህ የገጠመው ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ታላቅ እህቴ የካንሰር ሕክምና ልትጀምር ነው፤ ከእኔ ሌላ አስታማሚ የላትም። የሰው ኃይል ክፍሉ ግን በ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ በኤፍኤምኤልኤ፣ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ወጥቶ ሥራን ሳያጡ መመለስ የሚቻለው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ ወይም ለወላጅ ብቻ ነው፣ እህት አትገባም አለኝ። ሌላውን አሟላለሁ፤ ከዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ የሚጠየቀውን 1,250 የሥራ ሰዓትም አልፌያለሁ፣ እዚሁ ያለነው ሠራተኞችም ከ50 በላይ ነን። ግን እኮ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደ እናት ያሳደገችኝ እሷ ናት! ሕጉም በወላጅ ቦታ ሆኖ ያሳደገን ሰው እንደ ወላጅ ይቆጥራል። ታዲያ በምን ላሳምናቸው? የራሴ የጽሑፍ መግለጫ ይበቃል ወይስ ሰነድ ከአገር ቤት ላስመጣ? ፈቃዱን ሕክምና ባለባት ቀን ብቻ እየቆራረጠ የወሰደ ካለም ከአለቃው ጋር እንዴት እንደተስማማ ይንገረኝ።