የመኪና ኤሲ ጋዝ ሲወጣና ሲሞላ ምን ጥንቃቄ ይደረግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ጋራዥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ወደ አዋሽና ወደ ሰመራ የሚወርዱ ደንበኞች ስለበዙ የኤሲ ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ረዳቴ ኮምፕሬሰር ለማውረድ ቱቦውን ሲፈታ፣ ውስጥ የነበረው ጋዝ በኃይል ወጥቶ ሁለት ጣቶቹን እንደ እሳት ለበለበው፤ ቆዳውም ነጣ። ጋዙን ያለ ጉዳት እንዴት ላውጣ? ሌላው ጥያቄዬ፣ ቫኪዩም ሳደርግ (የቱቦውን አየር በፓምፕ ስስብ) ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ከ22 ኢንች (የሜርኩሪ ኢንች) ብዙም የማያልፈው ፓምፑ አዲስ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው? አንድ ደንበኛ ደግሞ ዋጋው እንዲቀንስለት የምግብ ማብሰያ ጋዝ እንድሞላለት ለምኖኛል።

መልስ 1

ወንድሜ፣ ረዳትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የተጎዳው ጣት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቆይ እንጂ አይታሽ፣ እሳትም አይሙቅ፤ ቆዳው ነጥቷልና ሐኪም ይየው። አር 134ኤ የተባለው የመኪና ኤሲ ጋዝ በባሕር ጠለል ደረጃ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ በመሆኑ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሰውነትን ሙቀት ነጥቆ ይተናል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ስለሆነ ግራና ቀኙ የተሸፈነ መነጽርና ወፍራም ጓንት ሳይደረግ ሥራው አይጀመር። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ቱቦው ውስጥ 5 ባር ተኩል ያህል ግፊት አለ። ስለዚህ ማንኛውም ማሰሪያ ከመፈታቱ በፊት ጋዙ በመሳቢያ ማሽን ለዚሁ ወደተሠራ ሲሊንደር ይገባል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲሊንደሩ ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ጋዙ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ መኪናው ጉድጓድ ላይ ቆሞ ከሆነ ከታች ያለው ሰው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በአጠገቡም ብየዳ አይኑር፤ ነበልባል ያገኘው ጋዝ ወደ መርዛማ አሲድ ይለወጣል።

መልስ 2

ስለ ጌጁ እኔ ልመልስ፤ በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ 29 ኢንች ገደማ የሚነበበው በባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ ነው፤ በመሆኑም ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ እንኳ 22 ኢንች ተኩል አካባቢ ብቻ ያሳያል። ፓምፑን ቢያንስ 30 ደቂቃ ካሠሩ በኋላ ቫልቩን ዘግተው መርፌው ሳይነቃነቅ መቆየቱን ይመልከቱ። ከተመለሰ ወይ ቀዳዳ አለ፣ ወይ ውስጥ እርጥበት ቀርቷል። ቀዳዳ ለመፈለግ ናይትሮጅን ይጠቀሙ፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳልና በፍጹም አያስገቡ።

መልስ 3

እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በዚሁ ሙያ እሠራለሁ። እዚህ አር 134ኤን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ከ1995 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። የደንበኛዎን ልመና ግን አደራ አይቀበሉ። የማብሰያ ጋዝ ማቀዝቀዙ እውነት ነው፤ ሆኖም ኢቫፖሬተሩ (ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ያለው ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ስለሆነ፣ ቢያፈስ ጋዙ ተሳፋሪዎቹ ወዳሉበት ገብቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ነገ ሌላ መካኒክ ሳያውቅ በማሽኑ ቢስበው ደግሞ የእሱም ሲሊንደር ይበከላል። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና ግራሙን ስለሚናገር፣ በሚዛን እየለኩ ያንኑ ብቻ ይሙሉ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ቫልቩን ዘግቼ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ መርፌው 22 ላይ እንደቆመ ነው። ረዳቴን ወደ ጤና ጣቢያ ልኬዋለሁ፤ መሳቢያ ማሽን እስካገኝ ድረስም ጋዝ ያለበትን ቱቦ አልፈታም።