አራት ሆነን የቀዳነው ሙዚቃ አልገጥም አለ፤ እባካችሁ መላ በሉን

ጥያቄ፦ ክራረኛው (ባሕር ዳር)

እንዴት ሰነበታችሁ? ዘፈን የሌለው፣ በባህል መሣሪያ ብቻ የሚሄድ አንድ ሥራ ከጓደኞቼ ጋር ጀምረናል። ቅኝቱ ትዝታ ነው፤ ርዝመቱ 4 ደቂቃ። መጀመሪያው በዝግታ፣ በነጻ ይሄድና መሐል ላይ ወደ ችክችካ ይገባል። እኔ ክራሩን ቤቴ በላፕቶፕ ቀዳሁ። ዋሽንት የሚነፋው ጓደኛችን ደብረ ማርቆስ ነው። ከበሮ የምትመታው ዳንግላ ናት። መሲንቆውን የሚጫወቱልን ፍኖተ ሰላም ያሉት አጎቴ ናቸው። ሁሉም የእኔን ክራር በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ በስልክ ቀድተው ላኩልኝ።

አንድ ላይ ሳደርገው ግን ጉድ ፈላ። ዋሽንቱ ቅኝቱ ከክራሩ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ደግሞም እየቀደመ ሄዶ ክራሩ ሳያልቅ ይጨርሳል። መሲንቆው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ከበሮው ገደል ውስጥ የተመታ ይመስላል። ዋሽንት ነፊው «ክራርህ ላልቷል፣ አጥብቀው» እያለ ይሟገተኛል። ሁሉንም እንደገና ላስቀዳ ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ የስቱዲዮ ልጅ (ባሕር ዳር)

ቆይ፣ ማንንም አታስቸግር። ሁለት ነገር ንገረኝ። ዋሽንቱ ስንት ሰከንድ ቀድሞ ነው የሚያልቀው? ያንተ ፕሮጀክት ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ስንት ነው፣ የእሱስ?

ክራረኛው፦ ወደ 20 ሰከንድ ይቀድማል። የእኔ 48,000 ይላል። እሱን ደውዬ ስጠይቀው የስልኩ መቅጃ 44,100 ላይ ነው አለኝ።

የስቱዲዮ ልጅ፦ በቃ፣ ተገኘ። ጓደኛህም ክራርህም ንጹሕ ናችሁ። የእሱ ስልክ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ነው የቀዳው። ያንተ ፕሮግራም ደግሞ 48,000 እንደሆነ አድርጎ ያጫውተዋል። ስለዚህ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ሲፈጥን ይቀጥናል፤ አንድ ተኩል ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ከፍ ይላል። 4 ደቂቃው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል። ቅኝት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ክራሩን ጥሎ አይሄድም ነበር።

ብዙ ፕሮግራሞች ፋይል ስታስገባ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ያንተ ያላስተካከለው ምናልባት ማስተካከያው ስለጠፋ ነው። ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ዋሽንቱን እዚያ ክፈተው፣ በትክክለኛው ፍጥነት መሄዱን ስማ፣ ከዚያ በ48,000 ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) አድርገህ አውጣው። ቅኝት ዝቅ ማድረጊያ ኢፌክት ውስጥ ግን እንዳትከተው። ትንፋሹን ያበላሸዋል።

መልስ፦ ዋሽንት ነፊ (ሞጣ)

የስቱዲዮው ልጅ ልክ ነው። ግን ይህን ካስተካከልክ በኋላም ጥቂት ልዩነት ብታገኝ አትገረም። ዋሽንት አንዴ ተቆርጦ ከተበሳ ድምፁ ያው ነው። ለዚያም ነው ነፊው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ የሚዞረው። ክራር ግን ይጠብቃል፣ ይላላል። መሲንቆም እንዲሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከክራር አትጀምሩ። ዋሽንቱ አንድ ረጅም ድምፅ ነፍቶ ይላክላችሁ፤ ሁላችሁም በእሱ ቃኙ።

ሌላም አለ። ማርቆስ ጠዋት ብርድ ነው። ቀዝቃዛ ዋሽንት ድምፁ ዝቅ ይላል፤ በትንፋሽ ሲሞቅ ከፍ ይላል። ከመቅዳቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ነፍቶ ያሙቀው። ያለዚያ መግቢያውና መጨረሻው የሁለት ዋሽንት ይመስላል።

መልስ፦ አቀናባሪዋ (የቡሬ ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ)

የመሲንቆው ሌላ በሽታ ነው። እየባሰ አይሄድም፤ ሁልጊዜ በእኩል መጠን ነው የሚዘገየው አይደል? አጎትህ ሲቀዱ ያደረጉት የጆሮ ማዳመጫ ብሉቱዝ ነበር?

ክራረኛው፦ አዎ! ልጃቸው ገመድ የሌላትን አድርጎላቸው ነው።

አቀናባሪዋ፦ እሷ ናት። በብሉቱዝ ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ ይዘገያል፤ 100፣ 200 ሚሊ ሰከንድ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እሳቸው ከሰሙት ክራር ጋር በትክክል ተጫውተዋል። የሰሙት ግን የዘገየውን ነው። እንደገና አታስቀዳቸው፤ ትራኩን ይዘህ ወደ ፊት ሳበው፣ ይገጥማል። ለሌላ ጊዜ ግን ባለ ገመድ ማዳመጫ ይሁን።

መልስ፦ ኪቦርዲስቱ (ደብረ ማርቆስ)

እኔ የምለው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ያለ ክሊክ (ፍጥነት የሚያስጠብቅ ቲክ ቲክ) ስለጀመራችሁ ነው። ሜትሮኖም ክፈቱ፣ ሁላችሁም በአንድ ፍጥነት ተጫወቱ። በኋላ መቁረጥም መቀጠልም ቀላል ይሆናል። ደግሞ መተግበሪያው ሲከፈት የሚሰጣችሁ 4/4 (በአራት የሚቆጠር ምት) ነው። ለችክችካ 6/8 (በስድስት የሚቆጠር) አድርጉት።

መልስ፦ አቀናባሪዋ

ወንድሜ፣ ለኪቦርድ ልክ ነህ። እዚህ ግን አልስማማም። መግቢያው በዝግታ፣ በነጻ የሚሄድ ነው ብሏል። እሱን በክሊክ ብታስሩት ትዝታው ይሞታል። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ክሊክ የተጫወቱ አባት ጆሮ ላይ ቲክ ቲክ ብታደርግባቸው ደግሞ መሲንቆውን አስቀምጠው ይነሣሉ፤ እውነታቸውንም ነው። እኔ የምመክረው መምሪያ ትራክ ነው። ክራርና ከበሮ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይቀዱ። ከባሕር ዳር ዳንግላ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ ደርሰህ ትመለሳለህ። ወደ ችክችካው የሚገባው በከበሮዋ ምት ይሁን። ያንን ለሁሉም ላክ፤ ሌላው በላዩ ይጨምርበት። ክሊክ የሚያስፈልገው በኋላ ኪቦርድ ወይም የማሽን ከበሮ ልትጨምሩ ከሆነ ነው። ያኔም ለችክችካው ክፍል ብቻ።

ኪቦርዲስቱ፦ እሺ፣ በመግቢያው ተሸንፌያለሁ። በችክችካው ግን አልለቅም።

መልስ፦ ከበሮ መቺ (እንጅባራ)

ስለ ከበሮው ማንም አላነሣም። ልጅቷ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ናት? ግድግዳው ባዶ ነው? እንግዲያው ገደል የመሰለው ለዚያ ነው። ድምፁ ግድግዳና ጣሪያ እየመታ ይመለሳል። አልጋ ያለበት ክፍል ትግባ። ከኋላዋና ከፊቷ ቡልኮ ወይም ፍራሽ ታቁም። ስልኩን ከከበሮው ፊት አታስጠጋው። አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ታድርገው፤ ካልሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቅጂ ደግሞ መድኃኒት የለውም። በጣም ከባዱ ምት ላይ የመቅጃው የድምፅ መጠን መለኪያ ከ-6 ዴሲቤል ባያልፍ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መቅዳት የማይታሰብ ነው። ማታ ሲያባራ ትሞክር።

ክራረኛው፣ አንተም ክራሩን ስትቀዳ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀለው። ከመብራቱ የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። መብራት ቢሄድም አትቋረጥም።

መልስ፦ የስቱዲዮ ልጅ

አላላኩንም አስተካክሉ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትላኩ፤ ይጨመቃል። እንደ ፋይል ይላክ። ኤምፒስሪም ይቅር። ጥራቱ ይቀንሳል፣ መጀመሪያው ላይም ጥቂት ባዶ ቦታ ይጨምርና አሰላለፉን ያዛባል። ዋቭ ሞኖ በ24 ቢት፣ በ48,000 ቢሆን በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ነው፤ 4 ደቂቃው 35 ገደማ። ዳታው ከከበዳችሁ ፍላክ አድርጉት። ያሳንሰዋል፣ ከድምፁ ግን ምንም አይቀንስም።

ክራረኛው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዋሽንቱን አስተካክዬው አሁን ከክራሩ ጋር እኩል ይጨርሳል። ቅኝቱም ገጠመ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መሲንቆውን ስንት ሚሊ ሰከንድ ልሳበው? ሲያልቅ ዩቲዩብ ላይ ብንጭነው ባለቤቱ ማን ነው የሚባለው?

አቀናባሪዋ፦ ሁለተኛውን ላስቀድም። ዜማው የራሳችሁ ከሆነ ሥራው የአራታችሁም ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ብቻ ሳይሆን የተጫዋችንም መብት ያውቃል። በቡድናችሁ ውስጥ ማን ምን እንደሠራ፣ ገንዘብ ቢመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ አሁኑኑ ጻፉት። አጎትህም ይስማሙበት፤ ዘመድ ናቸው ብለህ አትለፋቸው። ዜማው የሌላ ድምፃዊ ከሆነ ግን ዘፈን የለውም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መሲንቆውን በቁጥር አትሳበው፤ ማዳመጫው ሁሉ የየራሱ መዘግየት አለው። ክራሩ ሲጀምር ያለችውን የመጀመሪያ ጠንካራ ምት ፈልግ። በመሲንቆው ትራክም ያችኑ ቦታ ፈልግና ሁለቱን አሰልፍ። ከዚያ ዓይንህን ከስክሪኑ አንሣና ስማው። ለሚቀጥለው ቅጂ መምሪያው ላይ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለህ ቁጠር። ሁሉም በሦስተኛው ላይ ያጨብጭቡ። የሚልኩልህን በጭብጨባው ታሰልፈዋለህ።