ትንንሾቹን የባሕር ዳርቻ ወፎች መለየት አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በስደት ወቅት በባሕር ዳርቻ የሚያልፉ ወፎችን ማየት ጀምሬያለሁ። ትልልቆቹ አያስቸግሩም። ፍላሚንጎን ማን ይስታል? ራሴን ያዞሩት በውኃው ጫፍ የሚሯሯጡት ትንንሽ ግራጫ ወፎች ናቸው፤ ደንሊን፣ ሳንደርሊንግና ትንሹ ስቲንት የሚባሉት።

በመራቢያ ወቅት ደንሊን ሆዱ ላይ ጥቁር ስላለው ወዲያው ይታወቃል። ያ ላባ ከረገፈ በኋላ ግን ሁሉም ግራጫና ነጭ ይሆኑና ጉድ ይፈላል። ሳንደርሊንግን በአካሄዱ እለየዋለሁ፤ ማዕበሉ ሲመለስ ተከትሎት ይሮጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ዕቃ እንደረሳ ሰው ዞሮ ይፈተለካል። የኋላ ጣት እንደሌለውም አውቃለሁ፤ ግን ቆሞ እግሩን ያሳየኝ መቼ ነው! ግራ የገባኝ ደንሊንና ትንሹ ስቲንት ላይ ነው። የደንሊን መንቆር ረዘም ብሎ ጫፉ ላይ ወደ ታች ጎበጥ ይላል፣ ስቲንት ደግሞ በመጠን ያንሳል። ብቻውን የቆመ ወፍ ሳይ ግን መጠኑን ከምን ጋር ላነጻጽር?

ሌላው ጭንቀቴ ሰዓቱ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ተበታትነው ከባይኖኩላሬ አቅም በላይ ይርቃሉ። ሲሞላ ቀረብ ብለው ይሰበሰባሉ፤ ግን አብዛኞቹ መንቆራቸውን ላባቸው ውስጥ ቀብረው ይተኛሉ። ታዲያ የቱ ይሻላል? ከሙላቱ ምን ያህል ቀድሜ ልድረስ? ተጠግቼ እንዳልረብሻቸውም እፈራለሁ፤ ለረጅሙ ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ነውና።

ልምድ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ምኑ ላይ ነው? ቴሌስኮፕ ግዛ ካላችሁኝም እሰማለሁ፤ ግን እስቲ በቅድሚያ ባለኝ ልሞክር።